ዳለቻና የዲማው ክላሲካል

ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር መንግስቴ የሚባል ገበሬ አለ። ሰው ስለ መንግስቴ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ድምፁን ነው። ጉልበቱ፣ ትዳሩ፣ ሰው አክባሪነቱ የሚነሳው ኋላ ነው፤ ያውም ጠያቂው ከታገሠ። እግዜር ጉሮሮ ሲያድል መንግስቴ ዘግይቶ ደርሶ የተረፈውን ወሰደ ይላሉ። ሐሰት አይደለም። አፉን ከፍቶ ሲያንጎራጉር እናት ዶሮዎች ጭልፊት የመጣ ይመስላቸውና ጫጩቶቻቸውን ይሰበስባሉ። በሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ "በአገራችን ሙሽራ አይዘፍንም" የሚል ያልነበረ ወግ እዚያው ፈጥረው አፉን አስይዘውታል። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ያንን ወግ ያወጡትን ሰዎች እስከ ዛሬ ትመርቃቸዋለች።

ልጅ ሳለ አባቱ ዲያቆን ይሁንልኝ ብለው ለመሪጌታ ወልደማርያም ሰጥተውት ነበር። መሪጌታ ጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጠው ድጓ ያስመሰከሩ፣ በአካባቢው "የዜማ ነገር እሳቸው ጋ ያልቃል" የሚባልላቸው ሰው ናቸው። መንግስቴ ፊደሉን በደህና ቆጠረ፤ ዳዊቱንም ደገመ። ዜማ የተጀመረ ዕለት ግን መሪጌታ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው፣ "በል ልጄ፣ አንተስ እርሻ ይሻልሃል" ብለው ወደ አባቱ ሰደዱት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል። ያቺ ቃል ግን ከመንግስቴ ጆሮ አልወጣችም፤ ወንበሯን አስገብታ ተቀምጣለች።

ጉዱ ምን ነበር፣ እርሻም ለካ ዜማ ይፈልጋል። ገበሬ እርፍ ጨብጦ በሬውን በስሙ እየጠራ፣ እያሞገሰ፣ እያንጎራጎረ ካልሄደ በጅራፍ ብቻ ትልም አይገፋም። መንግስቴ ሲያንጎራጉር ግን የገዛ በሬው ወይኖ ይበረግጋል፤ ከወይኖ ጋር የሚጠመደው ዳለቻ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል።

ዳለቻ የመንግስቴ አይደለም። ስማቸው የሚባለው የጎረቤቱ ነው። መንግስቴም አንድ በሬ፣ ስማቸውም አንድ በሬ ስላላቸው ሁለቱ ቅንጃ ናቸው፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እየተባባሉ ያርሳሉ። ወይኖ ችኩል ነው። ዳለቻ እግሩን አንድ ጊዜ ካነሳ የት እንደሚያሳርፈው ሽማግሌ ሰብስቦ የሚመክር ይመስላል። ታዲያ ስማቸው ፊት ይህን መናገር ጠብ መፈለግ ነው። ዳለቻን ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነውና "በሬዬ ሰነፍ አይደለም፤ አስተዋይ ነው" ይላል።

መንግስቴ በመጨረሻ መላ አገኘ። ሚሞሪ የሚጎርስ ትንሽ ሬዲዮ ገዛና የአዝማሪ ዘፈን አስጭኖ በቀንበሩ መሀል፣ በሁለቱ በሬዎች ጆሮ መካከል አሰረው። ሥራው ደህና መሄድ ጀመረ። መሄድ ሲጀምር ዐቢይ ጾም ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣ በሁዳዴ ዘፈን ልታሰማ ነው? ያውም ለበሬ?" አለችው ማንጠግቦሽ።

"በሬ አይጾምም።"

"አንተስ?"

"እኔ መች ሰማሁ። ዘፈኑ የበሬዎቹ ነው።"

"እንግዲያው ጆሮህን በሰም ደፍነህ እረስ። እኔ በሁዳዴ ዘፈን የገባበት ሽሮ አልሠራም።"

ሽሮው አሳሰበው። በማግስቱ ወገዳ ወጣና ስልክ የሚጠግነውንና ዘፈን የሚጭነውን ታሪኩን አገኘው። የታሪኩ ቤት ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እዚያ የሚነጋገር ሰው ግማሹን በጆሮው፣ ግማሹን በግምቱ ነው የሚሰማው።

"ታሪኩ፣ ዘፈኑን አጥፋልኝና ቃል የሌለው ነገር ጫንልኝ!"

"ክላሲካል ነው የምትለው?"

መንግስቴ ክላሲካልን ያውቃል። ሬዲዮው ዜና ከማንበቡ በፊት ክራርና ዋሽንት ብቻ የሚያሰማው፣ ዘፋኝ የሌለበት ዜማ ነው። "አዎ፣ ክላሲካል!" አለ። ታሪኩ ኮምፒውተሩ ላይ "ክላሲካል" ብሎ ጽፎ ፈለገ፤ መጀመሪያ የወጣለትን ረጅም ነገርም ጫነለት።

"ስሙ ማን ይባላል?" አለ መንግስቴ።

"ፒያኖ ኮንቸርቶ፣ ዲ ማይነር!"

ወፍጮው አጓራ። "ዲማ ነበር?"

"ዲ ማይነር!"

"ዲማ ነበር" አለ መንግስቴ ለራሱ፤ ደስም አለው። ዲማ የጎጃም ታላቅ ደብር እንደሆነች ሕፃንም ያውቃል። ቃል የሌለው፣ ከደብር የመጣ፣ ለሁዳዴ የሚስማማ። ሽሮው ተረፈ።

በማግስቱ ሬዲዮውን ከቀንበሩ አስሮ ከፈተው። መጀመሪያ ብዙ ማሲንቆ በአንድነት የሚያጉረመርም የመሰለ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ሊዘንብ የሚያስብ ሰማይ ዓይነት። ወይኖ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለና አንድ ነገር ብቻውን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብጠብጠብ አለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚለው። መንግስቴ ስሙን ስለማያውቅ "ጠብታው" አለው። የሚያጉረመርሙትን ደግሞ "ማኅበሩ" አላቸው። ጠብታው ሲናገር ማኅበሩ ዝም ይላል፤ ማኅበሩ ሲቆጣ ጠብታው ቀስ ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃሉ። መንግስቴ ማንጠግቦሽና ወንድሞቿ ቤት ገብተው ሲወያዩ የሚሰማ መሰለው።

በሬዎቹ ግን ሄዱ። ቀጥ ባለ፣ ኮስተር ባለ ርምጃ ድንጋያማውን ማሳ እየገመሱ ሄዱ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሁለተኛው መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ልጅ የሚያባብል የሚመስል። እዚህ ላይ ዳለቻ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ ዓለም ቸኩላበት ኖራለች፤ ዛሬ ገና በእሱ ርምጃ የሚሄድ ነገር ተገኘ። ወይኖም ችኩልነቱን ረስቶ ከጎኑ ለስለስ ብሎ ተራመደ። የዚያን ዕለት ትልም ገመድ ተዘርግቶ የታረሰ ነው የሚመስለው። መንግስቴ እርፉን እንደጨበጠ ፈገግ አለ። በልቡም "የኔታ ቢሰሙኝ" አለ፤ ያዜመው ሬዲዮው እንጂ እሱ እንዳልሆነ ረስቶ።

ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ነው ነገር የተበላሸው። ጠብታውና ማኅበሩ ይባረሩ ጀመር። ዳለቻ ጭራውን ቀሰረ። መንግስቴ ደንግጦ ሮጦ ሬዲዮውን አጠፋው፤ ነገር ግን የስማቸው ሚስት ሰርኬ እንስራ አዝላ በማሳው ዳር ስታልፍ አይታለች።

ሰርኬ ቤቷ ስትደርስ እንስራውን እንኳ አላወረደችም። "ዳለቻ ሊሮጥ ነበር" አለች።

"አንቺ፣ ዳለቻ አይሮጥም" አለ ስማቸው።

"ጭራውን ቀስሮ ነበር። ዘፈን ከፍተውለት።"

ስማቸው በዚያው እግሩ መጣ። "መንግስቴ! በሬዬን በሁዳዴ አስጨፈርክብኝ?"

"ዘፈን አይደለም፤ ክላሲካል ነው።"

"ሰይጣንም ስሙ ብዙ ነው! ዘፈን የሰማ በሬ ያረሰው ማሳ እንክርዳድ ነው የሚያበቅለው። ነገ ዳለቻን እፈታለሁ። ከሌላ ሰው ጋር እቀናጃለሁ።"

መንግስቴ ቀዘቀዘ። ማሳው ገና መገመሱ ነው። በዚህ ወቅት ባለ አንድ በሬው ሁሉ ቅንጃውን ይዞ ጨርሷል። ዳለቻ ከሄደ ወይኖ ብቻውን ቀርቷል፤ ወይኖ ብቻውን ከቀረ የዘንድሮ ጤፍ ቀርቷል።

"ወይኖን ከማን ጋር ልትጠምደው ነው ታዲያ?" አለችው ማንጠግቦሽ ባሏን ከቤት ውስጥ። "እኔን እንዳታስብ፤ ከወይኖ ጋር ጠባያችን አይገጥምም።"

"ሸንጎ ይየን" አለ መንግስቴ። "ዘፈን መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ይንገረን።"

"መሪጌታ ወልደማርያም ይንገሩና!" አለ ስማቸው።

መንግስቴ ሌላ ስም ቢጠራለት ይወድ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ቄሰ ገበዝ ይርጋ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ዜማ ተምረዋል፤ ቢሆንም መሪጌታ ባሉበት ተምሬያለሁ አይሉም። ስማቸው ክሱን አሰማ። ዳለቻን ፈትቶ የሚስብበትን ገመድ ከወዲሁ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር የመጣው።

መሪጌታ መንግስቴን አዩት። "አንተ ያ ልጅ አይደለህም?"

"ነኝ፣ የኔታ።"

"አንተ ነህ የምታዜመው?"

"አይደለሁም፣ የኔታ። ሬዲዮው ነው።"

"ተመስገን። አሰማኝ።"

ማኅበሩ አጉረመረመ። ጠብታው ጠብ አለ። መሪጌታ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። "በገና ነው ይሄ?"

"አላውቅም የኔታ፤ እኔ ጠብታው ነው የምለው።"

"ዝም በል፣ ስማ። ያውልህ፤ አንዱ ይመራል፣ ማኅበሩ ይቀበላል። ሥርዓት አለው። ዜማው ግዕዝ ነው። ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ያለ ግዕዝ።"

"የኔታ፣ የበሬዬ ነገር…" አለ ስማቸው።

"ቆይ።"

ሁለተኛው ክፍል መጣ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቋሚያቸው ሳያስፈቅዳቸው ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ከዚያ ወደ ግራ። "አራራይ" አሉ በለሆሳስ። "አንጀት የሚበላ አራራይ።"

ቄሰ ገበዝ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዕዝል አይመስልዎትም?"

መሪጌታ አንድ ዓይን ከፈቱ። "ዕዝል?"

"ከባድ ነው እኮ። ረጋ ያለ ነው።"

"አንተ ዕዝልን የት ተዋወቅኸው? ድገመው፣ አንተ ልጅ!"

መንግስቴ ደገመው። "አራራይ!" አሉ መሪጌታ። "ዕዝል" አሉ ቄሰ ገበዝ። ድገመው ተባለ፤ ተደገመ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ድጓ ያልተማሩትም ተከፈሉ። ስማቸው እጁን አነሳ።

"የኔታ፣ የበሬዬ…"

"የበሬህን ነገር ተወው! እዚህ የዜማ ነገር ነው የተያዘው!" አሉት። ከዚያ ወደ መንግስቴ ዞረው፣ "ስንት ክፍል ነው ያለው?"

"ሦስት፣ የኔታ።"

"ሦስት!" መሪጌታ ጉልበታቸውን መቱ። "ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ! ሦስት ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል! ይህ የሊቅ ሥራ ነው። የማን ነው?"

መንግስቴ ደረቱ ሰፋ። ዕድሜውን ሙሉ ከየኔታ ፊት እንዲህ ቆሞ አያውቅም። "የዲማ ነው፣ የኔታ" አለ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ።

"የማን?"

"የዲማ። ታሪኩ ስክሪኑ ላይ አንብቦ ነግሮኛል።"

"የጎጃሙ ዲማ?" መሪጌታ ተነሱ። "ዲማ ቅኔውን ይቀኝ እንጂ! ድጓ የሚመሰከረው ቤተ ልሔም ነው! እዚህ፣ ጋይንት፣ ከአፍንጫችን ሥር! ዲማ ከመቼ ወዲህ ነው ዜማ እየሠራ በሬዲዮ የሚልክብን?"

ስማቸው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። መንግስቴ ምላሱን ሊውጠው ምንም አልቀረውም፤ በገዛ አፉ ማሳውን አጠፋ። ይህ አፍ ሳይዘፍን እንኳ ያጠፋል ማለት ነው።

ማንም ባይጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። ቄሰ ገበዝ ግን ለዕዝላቸው ገና ተስፋ ነበራቸው። "ሦስተኛው ሳይሰማ ይፈረዳል?" አሉ።

"አሰማ እስቲ! ጉዱን እንየው!" አሉ መሪጌታ።

ጠብታውና ማኅበሩ ተባረሩ። መሪጌታ ፊታቸውን አጨፍግገው ሲሰሙ ቆዩና ድንገት በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት። "አቁም! ከበሮ!"

እውነትም ነበር። ከማኅበሩ መሀል፣ ከታች፣ ከበሮ ይመታል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮ ተሰቅሎ ይከርማል እንጂ እንደማይመታ የማያውቅ ማንም አልነበረም። ሰርኬ አማተበች። መንግስቴ ዳለቻን በልቡ ተሰናበተው።

መሪጌታ ግን ቆመው ቀሩ። ጺማቸውን ያዙ። "እንዴት ነው ነገሩ" አሉ። "ሁለቱ ላይ ከበሮ ሰምታችኋል?"

"የለም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"በሦስተኛው ብቻ ነው። ገባኝ! ሁለቱ የጾም ናቸው፤ ሦስተኛው የትንሣኤ ነው። ሰውዬው በየዘመኑ ለይቶ ሠርቶታል። ይህን የሚያውቅ የዲማ ሰው አይሆንም፤ የዲማ ሰው ቢሆንም እንኳ ቤተ ልሔም ተምሮ የተመለሰ ነው።" ተቀመጡ፤ ፈረዱም። "ሁለቱን በጾም አሰማ። ሦስተኛው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይታሸግ። ያኔ ሲከፈት እኔ እገኛለሁ። ዘፈን ሆኖ ከተገኘ፣ ስማቸው፣ በሬህን ፍታ። እስከዚያ ይጠመድ።"

እንዲህ ሆኖ ሁዳዴው በግዕዝና በአራራይ ታረሰ፤ ቄሰ ገበዝ እንደሚሉት በግዕዝና በዕዝል። መሪጌታ ከበሮው ሾልኮ እንዳይወጣ ልቆጣጠር እያሉ በየጊዜው ማሳው ዳር ብቅ ይሉ ነበር። የሚመጡት ግን ሁልጊዜ ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ሲል ነው፤ ከበሮ የሌለበት። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ጠብታውን በአፍንጫቸው ያዜሙት ጀመር። የስማቸው ተራ ሲደርስም ስማቸው አጥሩን ተደግፎ፣ ወደ ሌላ እያየ፣ "ያን ሬዲዮ አምጣው እስቲ" ይላል። "እኔ አልፈልገውም። ዳለቻ ስለለመደ ነው።"

ፋሲካ ገባ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በመጀመሪያው የእርሻ ቀን የመንግስቴ ማሳ ዳር የገበያ ያህል ሰው ቆመ። መሪጌታ ለእሳቸው በወጣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ገመዱን ይዞ መጣ።

"አንተ ሰው" አለችው ማንጠግቦሽ ለመንግስቴ፣ "በሬዎቹን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ስጋ ከበላን ወዲህ ሁሉም ጠግቧል።"

መንግስቴ እርፉን ጨበጠ። ሦስተኛው ክፍል ተከፈተ።

ሁዳዴውን ሙሉ የተራመደው ዳለቻ የትንሣኤውን ሲሰማ ጭራውን ቀስሮ ተፈተለከ። ወይኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ኋላ ቀረ። ከበሮው ሲመታ ማረሻው ከመሬት ላይ ይዘላል፤ መንግስቴ ከማረሻው ኋላ ይዘላል። ትልሙ ወደ ስማቸው ድንበር ሄዶ ተመለሰ፤ በመሪጌታ በርጩማ ዙሪያም ዞረ፤ መሪጌታ እግራቸውን ሰብስበው ሲያነሱ ማረሻው ከሥራቸው አለፈ። ሰርኬ እልል አለች። "አላልኩም? አላልኩም?" ትል ነበር። ስማቸው ገመዱን ረስቶ "አይዞህ ዳለቻዬ!" እያለ ጎን ለጎን ይሮጣል።

መሀል ማሳው ላይ ሬዲዮው ከቀንበሩ ተፈታ። ወደቀ። ማረሻው በላዩ ሄደ።

ጸጥ አለ። ዳለቻ በቆመበት ደረቀ። ስማቸው በስሙ ጠራው፤ አልሰማም። አንጎራጎረለት፤ ዳለቻ ሌላ ቦታ አየ። አባበለው፣ ለመነው፤ ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

"አበላሸኸው!" አለ ስማቸው። "በሬዬን አበላሸኸው! ያለዚያ ነገር ከእንግዲህ ለኔም አያርስም!" የቀንበሩን ማነቆ ይፈታ ጀመር።

መንግስቴ የሬዲዮውን ስብርባሪ አየ። ግማሹን ብቻ ያረሰውን ማሳ አየ። መሪጌታን አየ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሚያሳፍር ነው። ዓይኑን ጨፈነና አፉን ከፈተ።

"ጠብ ጠብ ጠብጠብጠብ፣ ራራም ዱም!"

ዶሮዎች ጫጩቶቻቸውን ሰበሰቡ። ማንጠግቦሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከጠብታው ዜማ አንዲትም በቦታዋ አልነበረችም፤ ከፍ ያለው ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ያለው ጠፍቷል። ርምጃው ግን፣ ከበሮው የሚገባባትና ማኅበሩ የሚቀበልባት ቅጽበት ግን፣ ልክ ነበረች። ርምጃውን ሁዳዴውን ሙሉ በእግሩ ሲሰማው ከርሟል፤ ከበሮውንም አሁን ከማረሻው ኋላ ሲዘል ተምሮታል።

"ጠብጠብጠብ፣ ዱም!"

ዳለቻ ጆሮውን አዞረ። አንድ እግሩን አነሳ። ሳያማክር አስቀመጠው። ወይኖም ሳይበረግግ ተከተለ። ስማቸው እጁ ማነቆው ላይ እንዳለ ተጎተተ፤ ጥቂት ትልም አብሮ ሄዶ ለቀቀው።

ቄሰ ገበዝ ይርጋ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መሪጌታ ጎንበስ አሉ። "የኔታ፣ ይህስ ምንድን ነው? ግዕዝ ነው?"

"አይደለም።"

"ዕዝል ነው?"

"ዕዝልን አታሰድብ።"

"አራራይማ አይሆንም።"

መሪጌታ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ነበር። መቋሚያቸው ግን ከመንግስቴ ርምጃ ጋር መሬቱን ዱም፣ ዱም ያደርግ ነበር።

"እርሻ ነው" አሉ። "ያኔውኑ ነግሬው ነበር።"

ስማቸው ገመዱን ጠቅልሎ ለሰርኬ ሰጣት። ከዚያ እጁን ለአፉ መለከት አድርጎ ጮኸ፦ "መንግስቴ! ነገ የኔ ተራ ነው! ጉሮሮህን እንዳትጨርሰው!"